ለሞተራችን ሁለት ጊዜ የተገጠመው ብረት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሞተር ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር፤ ሐይቅ)



በዓመቱ የሒሳብ ሪፖርት ውስጥ «ለሞተር ሳይክል መከላከያ ብረት» የሚል ወጪ ሁለት ቦታ ተጽፎ አይታችኋል። ከሚደግፉን ወዳጆች አንዳቸው በደብዳቤ «ያላችሁ ሞተር አንድ ነው፤ ስለምን ሁለት ጊዜ ተከፈለ? በስሕተት ተደግሞ ይሆን?» ብለው ጠይቀውናል። ስሕተትስ አለ። ስሕተቱ ግን የሒሳብ ያዣችን ሳይሆን የእኛ፣ የሞተር ኮሚቴው ነው። ሰብሳቢያችን መልሱን በደብዳቤ ጻፉ ብለውን ነበር። እኛ ግን በጉባኤው ፊት ቆመን ብንናገረው ይሻላል አልን፤ ነገሩ ከብረቱ ዋጋ አልፎ ሰው ዘንድ ደርሷልና።

ሞተሩ የሚሠራውን ሥራ ለነባር አባላት መንገር አያስፈልግም፤ ለእንግዶቻችን ያህል ጥቂት እንበል። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አስፋልት በእኛ በተሁለደሬና በጎረቤታችን በአምባሰል በኩል ያልፋል። የብዙዎቹ ቡድኖቻችን ሰፈር ግን ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። ባጃጅ አስፋልቱ ዳር ድረስ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ወይ በእግር ነው ወይ በሞተር። የቁጠባ ደብተሩን፣ የብድሩን ገንዘብ፣ የዶሮ ክትባቱን፣ አንዳንዴም እንቁላሉን የሚያመላልሱት ሁለት ልጆቻችን ናቸው። አንዷ ትነዳለች፤ ሌላዋ ከኋላ ተቀምጣ ሣጥኑን ትይዛለች። ሞተሩ አንድ ሳምንት ከቆመ አንድ ሳምንት ቁጠባ አይሰበሰብም፤ ብድር የጠበቀችም ሴት ገበያው ያልፍባታል።

የመጀመሪያው አደጋ የደረሰው ማንም ሳይነዳው ነው። ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል አድሯል። ልጆቻችን ሞተሩን ከአንድ ቡድን ስብሰባ ደጃፍ በጎን ማቆሚያው አቁመው ገቡ። መሬቱ ዋልካ ነው። ዋልካን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ፣ ሲርስ እንደ ቡሖ ነው። ቀጭኑ ማቆሚያ ቀስ እያለ ሰጠመና ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝነው ሞተር በግራ ጎኑ ድንጋይ ላይ ተኛ። የማርሽ መርገጫው ተጣመመ፣ የኤንጂኑ የጎን ክዳን ተሰነጠቀ፣ ዘይቱ ፈሰሰ። ክዳኑ ከደሴ እስኪመጣና እስኪገጠም ሞተሩ ሁለት ሳምንት ቆመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንናገርና እንለፍ። ለዚያ አደጋ መድኃኒቱ መዳፍ የምታህል የላሜራ ቁራጭ ነበረች። ከማቆሚያው ሥር ብትደረግ ዋልካው አይውጠውም ነበር። አሁን ያቺ ቁራጭ በገመድ ታስራ ከሞተሩ ጋር ትዞራለች፤ ዋጋዋም ምንም ነው። እኛ ግን ያን ጊዜ ይህን አላሰብነውም። ክዳኑ መሰንጠቁን ብቻ አይተን «ብረት ይገጠምለት» አልን።

በከተማችን ብዙ ሞተሮች ከፊት ግራና ቀኝ ወጣ ያለ ብረት አላቸው። ሞተሩ በጎኑ ሲወድቅ አስቀድሞ መሬቱን የሚነካው ያ ብረት ነው፤ ኤንጂኑ፣ መርገጫውና የቤንዚን ታንኩ ከመሬት ርቀው ይቀራሉ። ሐሳቡ ትክክል ነው። እኛም ወደ አንድ በያጅ ሄድን። የሚመዝን ብረት ጥሩ ብረት ይመስለን ስለነበር ከወፍራም ቶንዲኖ እንዲሠራልን አዘዝን። በያጁ የጠየቅነውን ሠራ፤ አንወቅሰውም። ብረቱን አጥፎ በቀጥታ ሻሲው ላይ በየደው። ከፊት ደግሞ ጠጠር እንዳይመታው ብለን ኤንጂኑን በላሜራ አስጋረድነው። ቀይ ቀለምም አስቀባነው። ያን ዕለት ከእኛ በላይ ደስተኛ አልነበረም። ወሩ ሳይሞላ አንዳንዶቻችን፣ ማን እንደሆንን ይቅር፣ ጀሪካን እናንጠለጥልበት ጀመር።

መጀመሪያ የመጣው ጩኸት ነው። ሞተሩ ሁለት ሰው ጭኖ ጉድጓድ ሲመታ የፊቱ ሞላ ይጨመቃል፤ ፓራፋንጎውም ወደ ኋላና ወደ ላይ ይጠጋል። ብረቱ የተለካው ሞተሩ ባዶውን ቆሞ ስለነበር ይህን ማንም አላሰበም፤ ፓራፋንጎው ከብረቱ ጋር ይጋጭ ጀመር። ቀጥሎ ኤንጂኑ መጋል አመጣ። የእኛ ቦክሰር በውሃ አይቀዘቅዝም፤ የሚያቀዘቅዘው በኤንጂኑ ዙሪያ ባሉት ስስ ቅጠሎች መካከል የሚያልፈው ነፋስ ነው። በላሜራ የጋረድነው ያንን ነፋስ ኖሯል። ዳገት ሲወጣ ይንገበገባል፤ ልጆቻችንም ቆመው እስኪበርድ ይጠብቃሉ።

ሦስተኛው ግን ከባድ ነበር። የብየዳ እሳት የነካው የሻሲ ቱቦ እንደ ቀድሞው አይደለም፤ በዚያ ቦታ ይዳከማል። በላዩ ላይ ከባድ ቶንዲኖና ጀሪካን ተንጠልጥሎ በጠጠር መንገድ ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ከብየዳው ጠርዝ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ጀመረች። ያየናት በአጋጣሚ ነው፤ ልጃችን ሞተሩን ስታጥብ ቀለሙ መሰንጠቁን አየች። ሻሲ የሞተር አከርካሪ ነው። ቁልቁለት ላይ ቢቆረጥ ምን ይሆን እንደነበር ዛሬም ስናስበው ይዘገንነናል። ለመከላከያ ብለን ያስገጠምነው ብረት ሞተሩን ሊሰብረው ነበር። ብረቱ ተቆርጦ ወጣ፤ ሻሲውም በደንብ ታይቶ ተጠገነ። የመጀመሪያው ወጪ ይኸው ነው፤ የባከነ ገንዘብ ነው፤ እንዲያ ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይያዝልን።

ሁለተኛውን ብረት ያስገጠምነው ጠይቀን ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሞተሮች ላይ ዕድሜያቸውን ሲሠሩ የኖሩ አንድ አባት አሉ። «ብረት መግጠም ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ያማሃ ኤጂን እዩ» አሉን። ብዙዎቻችሁ ይህን ሞተር በጤናና በግብርና ሠራተኞች እጅ አይታችሁታል። «ኤጂ» የሚለው ስም የመጣው በእንግሊዝኛ ግብርና ከሚለው ቃል ነው፤ የተሠራውም እንደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ባሉ አገሮች በእርሻ ላይ ለሚውሉ ሰዎች ነው። ኤጂ 200ን ዞረን ዞረን አየነው። ለኤንጂኑ መከላከያ ብረት አለው፤ የእጅ ፍሬንና ፍሪሲዮን ዙሪያም የቀለበት ብረት አለው። ካቴናው ከዳር እስከ ዳር በክዳን ተሸፍኗል። ማቆሚያው በግራም በቀኝም ነው፤ መሬቱ ወደየትም ቢያዘነብል በዳገቱ በኩል ይቆማል። አንዲት እናታችን ይህን ሁሉ አይተው «ይህን የሠራ ሰው መውደቅን ያውቃል» አሉ።

እኚያ አባት እንዳስተማሩን ሁለተኛው ብረት ከቶንዲኖ ሳይሆን ከቱቦ ብረት ተሠራ። ቱቦ ይቀላል፤ ሲመታም ራሱ ይጎብጣል። ደግሞም መጉበጥ ያለበት ብረቱ እንጂ ሻሲው አይደለም፤ የጎበጠ ብረት በርካሽ ይለወጣል። ብየዳው ብረቱን ከብረቱ ለማያያዝ ብቻ ሆነ፤ ሻሲውን እሳት አልነካውም። ከሻሲው ጋር የተያያዘው ላስቲክ በተደረገበት ማቀፊያና በብሎን ነው። ከታች በኩል የኤንጂኑ ማሰሪያ ብሎን ወጥቶ በእሱ ፈንታ ረዘም ያለ ገባ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ ተብለናል፤ ከሱቅ የተገኘ ማንኛውም ብሎን አይገባም፤ ራሱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር የተመታበት ጠንካራ ብሎን መሆን አለበት። ግራና ቀኙ ብረት ከኤንጂኑ ሥር እርስ በርሱ ተያያዘ፤ በአንድ ወገን የመጣው ምት በሁለቱ እንዲከፈል ነው።

ከዚያ ሳንከፍል በፊት ፈተንነው። ሁለት ደልደል ያልን ሴቶች ላዩ ላይ ተቀምጠን የፊቱን ሞላ እየተጫንን ፓራፋንጎው ብረቱን እንደማይነካው አየን። መሪውን እስከ ግራው ጥግ፣ እስከ ቀኙ ጥግ አዞርነው። ማስነሻውን ረገጥን፤ የእግር ፍሬኑንና ማርሹን በጫማ ሞከርን። ካንዴላው ብረቱ ሳይፈታ ይወጣል ወይ? ዘይት ማፍሰሻውስ? ሞተሩ ወደ ጎን ሲያዘነብል ብረቱ ቶሎ መሬት ይቧጭራል ወይ? በያጁ መጀመሪያ ስቆብን ነበር፤ በኋላ ግን ራሱ ቁልፍ ይዞ መጣ። ላሜራው ቀረ፤ ነፋሱ ይግባ ብለን። ብሎኖቹ በመጀመሪያው ሳምንት ማብቂያ እንደገና ጠበቁ፤ ንዝረት ያላላቸዋልና። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ይጠብቃሉ። ጀሪካን ተከለከለ። የሁለተኛው ወጪ ትርጉም ይህ ነው፤ በዚህኛው አናፍርም።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ደብዳቤ ይበቃው ነበር።

ባለፈው የካቲት ልጃችን ከአንድ ቡድን ስትመለስ፣ ጠጠሩ ቁልቁለት ላይ ጥጃ ገባባት። ፍሬን ያዘች፤ ጎማው ተንሸራተተ፤ ሞተሩ ከመንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ በጎኑ ወደቀ። ብረቱ ሥራውን ሠራ። ኤንጂኑ ምንም አልሆነም፤ ታንኩ አልተጫረም፤ መርገጫው እንኳ አልጎበጠም። የልጃችንም እግር ከሞተሩ ሥር አልተቀበረም፤ የጋለው ማርሚታም አላቃጠላትም። ነገር ግን ድንጋዩ ሞተሩን ሲያቆመው ሰውነቷ ወደ ፊት ተወርውሮ ነበር፤ ከጉልበቷ በታች ያለው አጥንት የመታው ያንኑ ብረት ነው። አጥንቷ ተሰነጠቀ። ከኋላ የነበረችው ሄልሜት አልነበራትም፤ ሣር ላይ ወድቃ በመጫር ብቻ ተረፈች። ወደ ወጌሻ ይሁን ወደ ሐኪም በሚለው ጥቂት ተከራክረን ደሴ ወሰድናት፤ ጀሶ ታሰረላት።

በማግስቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ቃለ ጉባኤውን አሁን ይዘነዋል። ሁለት ገጽ ነው። ብረቱ እንዴት እንዳዳነን፣ ክዳኑ እንደተረፈ፣ ገንዘቡ በከንቱ እንዳልወጣ አንድ ገጽ ከግማሽ ተጽፏል። ስለ ልጃችን የተጻፈው አንድ መስመር ነው፤ «ነጂዋ እግሯን ስለተጎዳች ለጊዜው ተተኪ ይፈለግ» ይላል። ይህን የጻፍነው እኛ ነን፤ ክፉ ሆነን አይደለም፤ እንዲያው ሞተሩ መዳኑ አስደስቶን ነው።

በዚያው ሳምንት እናቷ መጡ። አልተቆጡም። ሞተሩ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ዞረው አዩት፤ ብረቱን በእጃቸው ያዙት። ከዚያ «ይህ ብረት የሚጠብቀው ማንን ነው?» ብለው ጠየቁን። ቡና ተፈልቶ ነበር፤ እስከ ሁለተኛው ስኒ ድረስ ማናችንም አልመለስንላቸውም።

መልሱን በኋላ ፈለግነው፤ ተጠንቶ የቆየ ኖሯል። በአሜሪካ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሃሪ ኸርትና ባልደረቦቻቸው በሎስ አንጀለስ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄዱ መርምረው በ1981 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አወጡ። ስለ መከላከያ ብረት ያገኙት ይህ ነው፦ ብረቱ የቁርጭምጭሚትና የእግር መዳፍ ጉዳትን ይቀንሳል፤ ነገር ግን የታፋ፣ የጉልበትና የቅልጥም ጉዳት በዚያው ልክ ይጨምራል። ስለዚህ ለሰው መከላከያ ነው ሊባል አይችልም አሉ። የልጃችን እግር እንደዚያው ሆነ፤ ቁርጭምጭሚቷ ዳነ፣ ቅልጥሟ ተመታ። በአንጻሩ ስለ ሄልሜት 61 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ አለ፤ በአደጋ ጊዜ ሄልሜት መሞትን በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል ይላል። ለመጀመሪያው ቶንዲኖ ያወጣነው ገንዘብ ከኋላ ለምትቀመጠዋ ሄልሜት ይገዛ ነበር። ሒሳቡን ሠርተነዋል፤ ይገዛ ነበር፤ ለሁለቱም ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ጨምሮ።

ብረቱ ይነቀል አላልንም። ዋልካው ላይ ሲተኛ፣ በዝግታ ሲወድቅ፣ የማኅበሩን ንብረት ያድናል፤ እግርም ከሥር እንዳይያዝ ያደርጋል። ግን ስሙን ቀየርን። ከእንግዲህ በሒሳብ መዝገባችን «የሞተሩ መከላከያ» በሚለው ሥር ይጻፋል፤ «የነጂዋና የተሳፋሪዋ መከላከያ» የሚል ሌላ ዓምድ ከላዩ ተከፍቷል። አስቀድሞ የሚሞላው እሱ ነው።

በዚያ ዓምድ ሥር የተጻፈው ሁለተኛው ነገር ሊያስቃችሁ ይችላል። ሞተሩን ስንገዛ ከኋላው ጎማ በግራ በኩል ፍርግርግ ብረት ነበረበት። ጥቅሙ አልገባንም፤ ዕቃ ማሰሪያ ይሁን ጌጥ ይሁን ብለን አስፈትተን ለአሮጌ ብረት ሸጥነው። ለካ ያ ብረት ለእኛ የተሠራ ነበር! ቦክሰር የሕንድ ሞተር ነው። በሕንድ ሴቶች ረጅም ሳሪ ለብሰው ከኋላ ወደ ግራ ጎን ዞረው ይቀመጣሉ፤ የሳሪው ጫፍ ጎማ ውስጥ ገብቶ ስንቷን ጎትቷል። ስለዚህ የአገሩ የተሽከርካሪ ደንብ ሰው የሚያፈናጥጥ ሞተር ሁሉ የእጅ መያዣ፣ የእግር መርገጫ፣ እንዲሁም ከኋላ ጎማው ቢያንስ ግማሹን የሚሸፍን የልብስ መከላከያ ሳይኖረው እንዳይሠራ ያዝዛል። የእኛስ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ረጅም ቀሚስ ከሳሪ በምን ይለያል? ክርስቲያኗም ሙስሊሟም ከኋላ ስትቀመጥ የነጠላዋ ወይም የሻርፗ ጫፍ ነፋስ እየወሰደው ወደ ጎማው ሲሄድ አይተናል፤ «ሰብስቢ!» እያልን ስንጮህ ነው የኖርነው። ፍርግርጉ በአዲስ ተገዝቶ ገብቷል። የካቴናው ክዳንም ተመልሷል። የሻርፑ ጫፍ ከጃኬት ሥር ይገባል። ከኋላ የምትሄደው ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ለብሳ እንደ ነጂዋ እግሯን ከፍታ ትቀመጣለች፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ከታላላቆቻችን ጋር ረጅም ክርክር ነበረን፤ ያሸነፈው የልጃችን ጀሶ ነው።

ለሚደግፉን ወዳጆቻችን አንድ ልመና አለን። ሁለተኛ ሞተር ልትገዙልን እንዳሰባችሁ ሰምተናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን። ነገር ግን ሞተሩ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ሄልሜት፣ ሁለት ጥንድ ጫማና ጓንት፣ ለአዲሷ ነጂ የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ክፍያ በዕቅዱ ይግባልን። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ሞተሩ ይቆየን። አባላትም ድምፅ የምትሰጡበት ሐሳብ ይኸው ነው፤ ሰብሳቢያችን አሁን ያቀርቡታል።

ልጃችን ጀሶው ከተፈታላት ቆይቷል። ዛሬ እዚህ አለች፤ ከኋላ በኩል ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች። እንደገና ለመንዳት ገና አልወሰነችም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

ሞተሩ ውጭ፣ ከበሩ በስተቀኝ ቆሟል። ከስብሰባው በኋላ መጥታችሁ እዩት፤ የላሜራዋም ቁራጭ ከሥሩ አለች። የወሩ ብሎን ማጥበቂያ ቀን ዛሬ ስለሆነ ቁልፍ መያዝ የምትፈልግ ካለች ኮሚቴው ያሳያታል። ከብረቱ ላይ የተንጠለጠለውን ጀሪካን ግን ባለቤቷ ከምሳ በፊት ታንሳልን።